የሰባት ቤት ሲስማ

በፔታሕ ቲክቫ ከተማ፣ ዮሴፍታል በሚባለው ሰፈር፣ በእኅቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን በተከፈተ ጊዜ መጀመሪያ የሚያሳየው ፊልም ሳይሆን በአንድ መስመር የተደረደሩ አምስት ትንንሽ ሥዕሎች ነው፤ በየሥዕሉም ሥር በዕብራይስጥ ፊደል አንዳንድ ስም ተጽፎበታል። የመጀመሪያው «ቤት» ይላል፤ ሁለተኛው «ናታንያ»፣ ሦስተኛው «ሬሆቮት»፣ አራተኛው «እምዬ»፣ አምስተኛው «ልጆች»። «ቤት» የተባለው የእኅቴ የራሷ ቤት ነው፤ በናታንያ ታናሽ ወንድማችን፣ በሬሆቮት የአክስታችን ልጅ ይኖራሉ፤ «እምዬ» በቂርያት ማላኺ የሚኖሩት እናታችን ናቸው። ለእኔ ሥዕል አልተረፈልኝም፤ ስለዚህ ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ በ«ልጆች» ስም እየገባሁ አያለሁ፤ ፊልም ከመምረጤም በፊት የድመትና የአይጥ ድብድብ ይቀርብልኛል። የወሩን ሒሳብ የሚከፍለው የእኅቴ የበኩር ልጅ ሲሆን፣ ስለ ገንዘቡ እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እርሱም በማንም ላይ አንሥቶት አያውቅም።

ይህን ልማድ፣ ማለትም አንድ ቤት በከፈለበት የፊልም አካውንት አራትና አምስት ቤት ተካፍሎ ማየትን፣ ብዙ ሰዎች ኢንተርኔት የወለደው የትናንት ነገር አድርገው ሲያወሩት እሰማለሁ። ከጎንደር ወጥተን፣ ከፊላችን በሱዳን ከፊላችን በአዲስ አበባ በኩል አልፈን፣ በእስራኤል ከተሞች ለተበተንነው ለቤተ እስራኤል ልጆች ግን አዲሱ መሣሪያው ብቻ ነው፤ ነገሩ ከመሣሪያው እጅግ የቆየ በመሆኑ፣ ታሪኩን ከሥሩ አንሥቶ መተረክ የተገባ ሆኖ ታየኝ። ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የምጠቅሳቸው ነገሮች የሚበዙት በዚያ አቆጣጠር የተመዘገቡ ናቸውና።

ክርክሩ ሁሉ የሚዞረው በአንዲት ቃል ላይ ነው፤ ይህችም «ቤት» ናት። ቤተሰብ የምንለው ቃል በግእዝ ቤተ ሰብእ፣ የሰው ቤት፣ ማለት ሲሆን፣ አበው ቤት ብለው በተናገሩ ጊዜ ግድግዳውንና ጣራውን ብቻ ሳይሆን ወገንን፣ ነገድን፣ ትውልድንም ጭምር ማለታቸው እንደ ነበረ ቤተ ያዕቆብ፣ ቤተ ዳዊት የሚሉት ስሞች ይመሰክራሉ። የእኛም ሕዝብ ጎረቤቶቹ ፈላሻ ሲሉት ራሱን የጠራው ቤተ እስራኤል ብሎ ነው፤ በስሜንና በወገራ፣ በደምቢያና በወልቃይት መንደር ለመንደር ተራርቆ የኖረ ሕዝብ በስሙ አንድ ቤት ነበረ ማለት ነው። ልጅ ለመዳር የተነሡ ሰዎች ሽማግሎችን አስቀምጠው የሁለቱን ወገን አባቶችና እናቶች ወደ ኋላ እስከ ሰባት ቤት ያስቈጥሩ ነበር፤ በዚያ ውስጥ አንድ ስም ከሁለቱም ወገን ከተጠራ፣ ሁለቱ ወጣቶች ዘመድ ናቸውና ጋብቻው ይቀራል። ሒሳብ ለሚወድ አንባቢ፣ ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ የተጓዘ ሰው በሰባተኛው ደረጃ ላይ ብቻ 128 ወላጅ ያገኛል። በእኛ ሰፈር ሽማግሎች ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት፣ በቃላቸው ይዘው ይቀመጡ ነበር፤ ስለዚህም አንድ የመንደር ሰው «የእኛ ቤት» ብሎ ሲናገር የቱን ያህል ሰው በአፉ እንደ ያዘ ከውጭ የመጣ እንግዳ ሊገምተው አይችልም።

ቤትን ከውጭ ቆሞ የሚቈጥር ሰው ግን ምንጊዜም የሚታየውን ይዞ ነው የቈጠረው። ጭሰኛ የሚለው ቃል የወጣው ከጭስ ነው፤ ከጣራው በላይ ጭሱ የታየ፣ እሳት አንድዶ የሚያድር ሁሉ ለባለ ርስቱ የሚገብር ሆኖ ይቈጠር ነበርና። ቤተ እስራኤል ርስት ስላልነበራቸው፣ የ1975ቱ የመሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ አብዛኞቻቸው በሰው መሬት ላይ ጭሰኞች ሆነው፣ ብረት እየቀጠቀጡና ሸክላ እየሠሩ የኖሩ ናቸው። ጭሱን ያየ ሰው «አንድ ቤት» ብሎ ያልፋል፤ በዚያ ጭስ ሥር የተጋገረው እንጀራ በስንት ጎጆ እንደሚበላ ግን ጭሱ አይናገርም። ይልቁንም እሳቱ ራሱ ብዙ ጊዜ የዚያ ቤት እሳት አልነበረም። ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት በእኔ ልጅነት፣ የማንኛይቱም ሴት ምድጃ ጠፍቶ ያደረ እንደ ሆነ፣ ልጇን ገል አስይዛ ወደ ጎረቤት እሳት ትሰድዳለች፤ ጎረቤቲቱም ሁለት ፍም ከአመድ ጋር በገሉ ላይ ትጭርለታለች፤ ልጁ እፍ እያለ፣ ነፋሱን በጀርባው እየከለለ ይመለሳል። ይህን መንገድ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ! የጎረቤቲቱ ምድጃ ሁለት ፍም በመስጠቱ የጎደለበት ጊዜ ግን አላየሁም።

በአንጻሩ ሲካፈሉት የሚጎድል ነገር ደግሞ አለ፤ ይኸውም በግ ነው። በኦሪት ዘጸአት በ12ኛው ምዕራፍ ስለ ፋሲካ በግ የተሠራው ሥርዐት፣ ቤተሰቡ በጉን ለመጨረስ የማይበቃ ጥቂት የሆነበት ሰው ከቤቱ አጠገብ ካለው ጎረቤቱ ጋር በነፍሱ ቍጥር ልክ እንዲካፈል ይፈቅዳል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ በጉ በአንድ ቤት ውስጥ እንዲበላና ከሥጋው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ያዝዛል። የፊተኛው አንቀጽ ቤቱን ሲያሰፋው የኋለኛው በሩን ይዘጋዋል፤ ጎረቤት ይግባ፣ ሥጋው ግን አይውጣ እንደ ማለት ነው። ይህ ለሌላው የዓለም አይሁድ ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል በመጽሐፍ የሚነበብ ብቻ ሆኖ ሲኖር፣ በእኛ መንደር በአምቦበር ግን በየዓመቱ የሚፈጸም ሥራ ነበረ፤ በኒሳን 14 ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቄሶቹ በጸሎት ቤቱ ግቢ በጉን ያርዱ ነበር፤ እኛ ልጆቹም ቂጣ በእጃችን ይዘን በአጥሩ ሥር እንቆም ነበር። ስንት ነፍስ ከስንት ነፍስ ጋር እንደሚመገብ ቀደም ብሎ ይነጋገሩበት ስለ ነበረ፣ ቤት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ በዓመት አንድ ቀን በይፋ ይወሰን ነበር ብዬ እቈጥረዋለሁ። የፍሙና የበጉ ልዩነት ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ በልቡ ያኑረው።

ወደ መንደራችን የገባው የመጀመሪያው ራዲዮ የአንድ መምህር ነበረ፤ ባለቤትነቱ የእርሱ ይሁን እንጂ ድንጋዩን የሚገዙት ሰሚዎቹ ነበሩ። ባትሪ የሚሉትን ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ድንጋይ ነበር የሚለው። ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ እየቀጠነ ይሄድና ዜናው ከሹክሹክታ አይሻልም፤ ያን ጊዜ ከራዲዮው ወጥቶ በድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ እንዲመታው ይሰጣል፤ ከፀሐይ የተመለሰ ድንጋይ ደግሞ አንድ ሁለት ምሽት ያናግራል። ፈጽሞ ሲሞት አራት አምስት ቤት ሳንቲም አዋጥቶ፣ ገበያ የሚወርድ ሰው አዲስ ያመጣል። ያዋጣውም ያላዋጣውም ግን እኩል ይሰማ ነበር፤ በግድግዳው ጭቃ በኩል የሚወጣውን ድምፅ ማን ሊከለክል ይችላል? በከተማም ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በኖቬምበር 2 ቀን 1964 በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሳሎኑ የሰፈር ልጆች ሁሉ ሳሎን ነበረ፤ ወንበር ያላገኘ በምንጣፍ ላይ፣ ምንጣፍ ያላገኘም በመስኮት በኩል ያያል።

ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል ሰው ከሱዳን፣ ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ 14,325 ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዘ። በዚህ ጊዜ «ቤት» የምትለው ቃል በሌላ ቈጣሪ እጅ ወደቀች። መርከዝ ቅሊታ በሚባለው በየመጤዎች መቀበያው ጠረጴዛ ዘርግተው የተቀመጡት ጸሐፊዎች የያዙት ቅጽ ሚሽፓሓ፣ ማለትም ቤተሰብ፣ የሚል ረድፍ ነበረው፤ በዚያ ውስጥ የሚገቡት ባል፣ ሚስትና ያላገቡ ልጆች ናቸው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ደግሞ በአገራችን አልነበረም፤ ሰው በአባቱ ይጠራል፣ ያበቃል። ስለዚህ የእኔን ስም የጻፈው ጸሐፊ አባቴን፣ ከአንድ ወር በኋላ የወንድሜን የጻፈው ሌላው ጸሐፊ አያቴን የቤተሰብ ስም አድርገው በመመዝገባቸው፣ ከአንድ ማሕፀን የወጣን ወንድማማቾች በመዝገብ የሁለት ቤት ሰዎች ሆነን እስከ ዛሬ አለን። በኋላም መንግሥት በ1990ዎቹ ዓመታት ለኢትዮጵያ መጤዎች በሰጠው ልዩ ማሽካንታ፣ ማለትም የቤት መግዣ ብድር፣ ሁሉም ገንዘቡ የሚበቃበትን ሦስት ክፍል ቤት እየፈለገ፣ አንዱ ናታንያ፣ አንዱ ሬሆቮት፣ አንዱ ቂርያት ማላኺ ገባ። በአምቦበር ከእናቴ ጎጆ እስከ አክስቴ ጎጆ አንድ ጥሪ ያደርስ ነበር፤ አሁን ሁለት አውቶቡስ ያስፈልጋል።

ወደ ፔታሕ ቲክቫ የመጡት እኅቴና ባሏ ናቸው፤ እኔም ተከተልኋቸው። ከተማይቱ ከኢየሩሳሌም በወጡ ጥቂት አይሁድ በ1878 የተቆረቆረች ሲሆን፣ ስሟ ከትንቢተ ሆሴዕ ሁለተኛ ምዕራፍ ተወስዶ የተስፋ ደጃፍ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች በያርኮን ወንዝ ረግረግ በወባ አልቀው፣ የተረፉት ሸሽተው፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ተመልሰው ያቀኗት ስለ ሆነች የሞሻቮት፣ ማለትም የእርሻ ሰፈሮች፣ እናት ይሏታል፤ በ1937 የከተማነትን መዓርግ አገኘች። ሰፈራችን ዮሴፍታል የተሰየመው በጊዮራ ዮሴፍታል ሲሆን፣ እርሱም በአይሁድ ኤጀንሲ የመጤዎች ማቋቋሚያ ክፍል ኃላፊ፣ በኋላም የቤቶች ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው፤ ሰውን በቤት በቤት የሚደለድለው ሰው ስም በእኛ ሕንፃ ማዕዘን ላይ በሰማያዊ ሰሌዳ ተጽፎ ይታያል። በ2009 የትምህርት መክፈቻ፣ በዚችው የተስፋ ደጃፍ ውስጥ፣ ከፊል የግል የሆኑ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያውያንን ልጆች አንቀበልም ብለው አገር ያወቀው ክርክር እንደ ተነሣ የሚዘነጋው የለም። ያ ራሱን የቻለ ሐተታ ይፈልጋልና እተወዋለሁ፤ ደጅ መዝጋት በከተማይቱ እንግዳ ነገር እንዳይደለ ለማሳሰብ ያህል ነው ያነሣሁት።

ሰርቆ ማየትና ተካፍሎ ማየት እኛ ወደዚህ አገር ይዘነው የመጣን ነገር የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል። የእስራኤል አጠቃላይ ቴሌቪዥን በ1968 እስኪጀምር ድረስ መሣሪያ የገዛው ሁሉ አንቴናውን ወደ ጎረቤት አገሮች አዙሮ ነበር የሚያየው፤ ሳሎኑም እንደ አዲስ አበባው ሳሎን የሰፈሩ ነበረ። በ1980ዎቹ ደግሞ አንድ ብልህ ሰው በምድር ቤቱ የቪዲዮ ማጫወቻ ያቆምና፣ ሽቦውን ከሕንፃ ወደ ሕንፃ፣ ከሰገነት ወደ ሰገነት እየሳበ፣ በወር ክፍያ ለጎረቤቶቹ ፊልም ያሳይ ነበር፤ መንግሥት እነዚህን ሽፍታ ጣቢያዎች ማጥፋት ስላቃተው በ1986 ሕጉን አሻሽሎ ኬብልን በፈቃድ የሚሠራ ንግድ አደረገው። እስከ 2010ዎቹ አጋማሽ ድረስም ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ በየዓመቱ አግራ የሚባል ግብር ይከፍል ነበር፤ በጎንደር በጭስ እንደ ተቈጠርን በእስራኤል በአንቴና ተቈጠርን ማለት ነው። እኛ በመጣንበት ዘመን አማርኛ የሚሰማው በራዲዮ ነበረ፤ በ1991 የተቋቋመው ሬካ የተባለው የመጤዎች ጣቢያ በአማርኛና በትግርኛ ሲናገር ሽማግሎቹ እንደ አምቦበሩ ራዲዮ ዙሪያውን ይቀመጡ ነበር። ኋላ የኢትዮጵያን ጣቢያዎች የሚስበው ዲሽ በረከሰ ጊዜ፣ በእኛ ሕንፃ ጣራ ላይ አንዲት ሳሕን ተተክላ፣ ከእርሷ የወጣው ሽቦ በውጭ ግድግዳው ወርዶ በሦስት መስኮት ይገባ ነበር። ነፋስ ሳሕኗን ባዞራት ቀን ሦስቱም ቤት እኩል ይታወራል፤ ያን ጊዜ አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ ቀስ እያለ ሲያዞር፣ ሌላው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ትንሽ ወደ ግራ! አለፍከው! መልሰው!» እያለ ይጮኻል።

ጃንዋሪ 6 ቀን 2016 ኔትፍሊክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአንድ ቀን በ130 አገሮች ሥራ መጀመሩን አስታወቀ፤ እስራኤልም ኢትዮጵያም በዚያች ቀን አብረው ገቡ። ይህ ኩባንያ በ1997 ተቋቁሞ፣ ፊልም በፖስታ በማከራየት ተነሥቶ፣ ከ2007 ጀምሮ በኢንተርኔት ማሳየት የያዘ ሲሆን፣ አንድ አካውንት እስከ አምስት ስም እንዲይዝ ከ2013 ወዲህ ፈቅዶ ነበር። ያን ጊዜ ሰዎች ቁልፉን ለዘመድ ቢያቀብሉ ኩባንያው አይከፋውም ነበር፤ እንዲያውም በማርች 2017 በትዊተር ገጹ ላይ ፍቅር ማለት የይለፍ ቃልን መካፈል ነው ብሎ ጻፈ። የይለፍ ቃል በአማርኛ ወታደር ለዘብ የሚናገረው ነው፤ እዚህ አገር ያሉት ልጆቻችን ግን ከዕብራይስጥ ወስደው ሲስማ ይሉታል፤ እናቶቻችንም ከልጆቹ ተምረው ሲስማ ይላሉ። በእኛ ቤት የሲስማው ቃል የመንደራችን ስም እንዲሆን የእኅቴ ልጅ በወሰነ ጊዜ ማንም የሚረሳው አይሆንም ብሎ ነበር። ልክ ነው፣ የረሳው የለም፤ ነገር ግን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሽማግሎቹ አምቦበር፣ እዚህ የተወለዱት ልጆች ደግሞ በዕብራይስጥ አንደበት አምቦቨር እያሉ፣ አንዱ በ«በ» ሌላው በ«ቨ» ስለሚጽፈው፣ ግማሹ ቤተሰብ በሩ ላይ ይቀር ጀመር። በመጽሐፈ መሳፍንት በ12ኛው ምዕራፍ የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ቆመው፣ ሺቦሌት በል ሲሉት ሲቦሌት ያለውን የኤፍሬም ሰው ሁሉ ይዘው እንደ ገደሉና የሞቱት 42,000 እንደ ሆኑ ተጽፏል። የእኛ ጥፋት ፊልም ከማጣት አላለፈም፤ ያም ሆኖ ወንድሜ ከናታንያ እየደወለ በአንድ ፊደል ምክንያት የተናገረው ነገር ለጽሑፍ አይበቃም።

ከዚያ ዘመን ሁሉ እኔ የማልረሳት አንዲት ምሽት አለች። ጁላይ 31 ቀን 2019 ኩባንያው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የተባለውን፣ ጊዴዎን ራፍ ያዘጋጀውን ፊልም አወጣ፤ ታሪኩ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ሰዎች በሱዳን በቀይ ባሕር ዳር፣ አሩስ በሚባል ቦታ፣ የመዝናኛ ሆቴል ከፍተው በዚያ ሽፋን ቤተ እስራኤልን በሌሊት ስላሻገሩበት ሥራ ነው፤ በፊልሙ ያለው ኢትዮጵያዊ መሪም የተቀረጸው የሱዳኑን መንገድ ከከፈቱት አንዱ በሆነው በቤተ እስራኤሉ በፈረደ አክሉም አምሳል ነው። ይህን ፊልም የሚያየው የኩባንያው አካውንት ያለው ሰው ብቻ ነው፤ የራሳቸው ስደት የተተረከላቸው እናቶች ደግሞ አካውንት የላቸውም። ፊልሙ በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ ሁላችን በአንድ ጊዜ እንድናይ ተስማማን። ከፍ ያለውን ዋጋ የሚከፍል ሰው በአንድ ጊዜ የሚፈቀድለት አራት መስኮት ለአራቱም ቤት ቢበቃም፣ የሬሆቮቶቹ መኪናቸውን አስነሥተው ወደ እኛ መጡ፤ እናታችን በቂርያት ማላኺ፣ ወንድማችን በናታንያ፣ እኛ አሥራ አንድ ሆነን በዮሴፍታል፣ ስልኩን በዋትሳፕ ከፍተን ጠረጴዛ ላይ አኑረን ጀመርን።

የእናቴ ቴሌቪዥን ከእኛ በአራት አምስት ሰከንድ ይቀድም ነበር። ስለዚህም በእኛ መስኮት ላይ ገና ምንም ሳይመጣ «ውይ!» የሚለው ድምፃቸው ከስልኩ ይወጣል፤ እኛም ምን ሊመጣ ነው እያልን እንጠብቃለን። እናቴ በ1984 በሱዳን በኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ የከረሙ ናቸው፤ በዚያ መንገድና በካምፖቹ ወደ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ ከእነዚያ መካከል አንዱ የእኛ ወንድም ነው። ፊልሙን የነቀፉት ብዙዎች ናቸው፤ የሞሳዶቹ ጀግንነት በዝቶ የተጓዦቹ ታሪክ ሳስቷል አሉ፤ እኔም የምስማማው ከእነርሱ ጋር ነው። እናቴ ግን ስለ ተዋንያኑም ስለ ጀግኖቹም አንዳች አልተናገሩም። ሰዎቹ በሌሊት ሲሄዱ በታዩ ጊዜ፣ «የእኛ ሌሊት ከዚህ ይጨልም ነበር» አሉ፤ ቃሉ ከስልኩ ወጥቶ ካለቀ በኋላ የእኛ መስኮት ላይ ሌሊቱ መጣ።

የኩባንያው ጠባይ የተለወጠው በኤፕሪል 2022 ነው። በዓመቱ የመጀመሪያ ሦስት ወራት 200,000 ደንበኛ እንደ ጎደለበት ባስታወቀ ማግስት የአክሲዮኑ ዋጋ ከሢሶ በላይ ወደቀ፤ በዚያው ጊዜ ለባለ አክሲዮኖቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከሚከፍሉት 222 ሚሊዮን ቤቶች ሌላ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ ቤቶች ሳይከፍሉ በሰው አካውንት እንደሚያዩ ገለጸ። በቺሊ፣ በኮስታ ሪካና በፔሩ ሞክሮ፣ በሜይ 2023 አሜሪካን ጨምሮ ከ100 በላይ ለሚሆኑ አገሮች ደንቡን አወጣ፤ አንድ አካውንት ለአንድ ቤት፣ ቤት ማለትም በአንድ ቦታ አብረው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው አለ። ከዚያ ውጭ ላለ ዘመድ ተጨማሪ መክፈል ይቻላል፤ በአሜሪካ ዋጋው ለአንድ ሰው በወር 7.99 ዶላር ነበረ። ቤቱን የሚለየው ቴሌቪዥኑ ኢንተርኔት በሚያገኝበት አድራሻ፣ በመሣሪያው መለያና በአጠቃቀሙ ልማድ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ጭሱ ትዝ አለኝ፤ ከጣራ በላይ የሚታይ አንድ ምልክት፣ በሥሩ ያለውን የማይናገር።

ኩባንያው ፈጽሞ ተሳስቷል ለማለት ግን አልደፍርም። ፊልም ሲሠራ በግ ነው፤ ተዋናዩም፣ ብርሃን ያዡም፣ ልብስ ሰፊዋም ከእርሱ ይበላሉ፣ ገንዘቡም ሲካፈሉት ያልቃል። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሲታይ ግን ፍም ነው፤ እናቴ በቂርያት ማላኺ ስላዩት በዮሴፍታል ያለው ሥዕል አይደበዝዝም። ሻጩ ዘወትር በጉን ያስባል፣ ዘመድ ፍሙን ያስባል። በሒሳቡ ያሸነፈው ሻጩ ነው፤ ሰዎች ተቈጥተው ይወጣሉ ሲባል ብዙዎች እየከፈሉ ገቡ፤ በ2024 መጨረሻ የደንበኞቹ ቍጥር ከ300 ሚሊዮን አለፈ።

የደንቡ ወሬ በተሰማ ሰሞን ቤተሰባችን በእኅቴ ቤት ተሰበሰበ፤ ቡና ተፈላ፣ ክርክሩም ከሦስተኛው ሲኒ በኋላ አለቀ። የናታንያው ወንድማችን የራሱን አካውንት ገዛ፤ ልጆቹ በየቀኑ ስለሚያዩ ይገባዋል። ለቀሩት አንድ ተጨማሪ ቦታ በወር ክፍያ ተወሰደ፤ ገንዘቡን ሁሉም ያዋጣል፣ ቦታው ግን አንድ ስለ ሆነ እንደ ዕቁብ ዕጣ ይውጣበት ተባለ፤ የደረሰው ቤት ሦስት ወር አይቶ ለሚቀጥለው ባለ ዕጣ ይለቅቃል። ስሞቹ በትንንሽ ወረቀት ተጽፈው በሲኒ ውስጥ ገቡ፤ ትንሿ የእኅቴ የልጅ ልጅ ዐይኗን ጨፍና ስታወጣ እናታችን ደረሳቸው። ደስ አላቸው ወይስ አላላቸውም ከፊታቸው ለማወቅ አልተቻለም፤ «እንግዲህ ለብቻዬ ላየው ነው?» ብለው ጠየቁ።

የእኅቴ ልጅም ለአዲሱ ቦታ አዲስ ሲስማ ማድረግ ነበረበት። የፊደሉ ጠብ እንዳይመለስ ብሎ የመንደሩን ስም ሁለት ጊዜ አከታትሎ፣ አንዴ በ«በ» አንዴ በ«ቨ» ጻፈው። በማግስቱ ቂርያት ማላኺ ሄጄ ሳለሁ እናቴ ሪሞቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎረቤት ያለ አንድ ልጅ በአጠገባቸው ቆሞ «ቀኝ፣ ቀኝ፣ አሁን ወደ ታች» እያለ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። የመጀመሪያውን አምቦበር ጨርሰው ወደ ሁለተኛው ሊገቡ ሲሉ ልጁ የጎረቤት መሆኑን አስታውሰው፣ «አንተስ በቤትህ ታያለህ?» አሉት። የለንም አላቸው። «በል እናትህን ጥራት» አሉና ወደ ፊደሉ ተመለሱ።